ለስፖርት መኪና ቸርኬና ጎማ ስትመርጡ፦ ለሰሜን ሸዋ መንገድ የሚሆነው ልክ

ስፖርት መኪና እጁ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀይረው ቸርኬውን ነው። አልፈርድበትም። ጥሩ ቸርኬ መኪናውን ሌላ ያስመስለዋል፤ በልኩ ከተመረጠ አነዳዱንም ያሳምረዋል። ችግሩ ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ በዓይን ብቻ መሆኑ ነው። ፎቶ ታይቶ፣ 18 ወይም 19 ኢንች ተብሎ፣ አዲስ አበባ ተሄዶ ይገዛል። ከዚያ መኪናው ሰንዳፋን፣ ሸኖንና ጫጫን አልፎ ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ከአስፋልቱ ወጥቶ የሰፈሩ ኮብልስቶን ላይ ሲወጣ ግን ቀድሞ ያልነበረ ድምፅ ይጀምረዋል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። እኛ አካባቢ ለሚነዳ ስፖርት መኪና ትልቅ ቸርኬ አያዋጣም። መጀመሪያ የጎማው ጎን ከፍታ ይታሰብ፤ ኢንቹ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ለምን እንዲህ እንደምል ለመረዳት ቁጥሮቹን ማንበብ መቻል ያስፈልጋል። ቁጥሮቹ ሲታዩ ያስፈራሉ እንጂ አይከብዱም። ለምሳሌ እንዲሆነን ቶዮታ 86ን እንውሰድ፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የወጣውን የመጀመሪያውን ትውልድ። ባለ 2.0 ሊትር ሞተር ነው፤ ቱርቦ የለውም፤ የሚገፋው በኋላ እግሩ ነው።

ጎማው ላይ የተጻፈው

የ86 የተለመደው የፋብሪካ ጎማ 215/45አር17 87ደብልዩ ነው። 215 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 45 የጎኑ ከፍታ ነው፤ ግን በሚሊ ሜትር አይደለም፣ የስፋቱ 45 በመቶ ማለት ነው። 215ን በ0.45 ብታባዙት 97 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። በቸርኬውና በመንገዱ መሃል ያለው ላስቲክ ይሄው ነው። አር ጎማው ራዲያል መሆኑን ይናገራል። 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። 87 የመሸከም አቅም መለያ ሲሆን አንዱ ጎማ 545 ኪሎ ግራም ይችላል ማለት ነው። ደብልዩ የፍጥነት ደረጃ ነው፤ በሰዓት እስከ 270 ኪሎ ሜትር። ቪ 240፣ ኤች 210 ነው።

አሁን የጎማውን ጠቅላላ ቁመት እናውጣ። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 17 ኢንች 431.8 ይሆናል። ጎኑ ከላይም ከታችም ስላለ ሁለት ጊዜ ይደመራል። ድምሩ 625 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ያዙት። አዲሱ ጎማ ከዚህ ከ3 በመቶ በላይ ባይርቅ ይመረጣል። ከራቀ የፍጥነት መለኪያው ይሳሳታል፣ ማርሹ ይከብዳል ወይም ይቀላል፣ ጎማውም ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለውን የጭቃ መከላከያ) ሊነካ ይችላል።

ሰው በብዛት የሚመኘው 225/40አር18 ቁመቱ 637 ሚሊ ሜትር ነው። ከፋብሪካው በ1.9 በመቶ ይበልጣል። በዚህ በኩል ችግር የለውም፣ ልኩ ውስጥ ነው። የጎኑ ከፍታ ግን 90 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ወደ 19 ኢንች ሄዳችሁ 225/35 ብታስገቡ ጎኑ 79 ይሆናል። በተቃራኒው 205/55አር16 ቁመቱ 632፣ ጎኑ 113 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሦስቱም መኪናው ላይ ከሩቅ ሲታዩ ቁመታቸው ተቀራራቢ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ሲገቡ ግን በ79 እና በ113 መካከል ያለው ልዩነት ቸርኬ የሚተርፍበትና የማይተርፍበት ልዩነት ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። 16 ኢንች የድሃ ምርጫ ተደርጎ ይታያል። ነገር ግን በጃፓን ገበያ ርካሹን 86 ፋብሪካው ራሱ በ205/55አር16 ነበር የሚያወጣው። ልኩ የተፈተነና የተፈቀደ ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለው፦ ያ መኪና የፊት ፍሬኑ አነስ ያለ ነበር። ትልቁ ፍሬን ባለበት 86 ላይ ሁሉም 16 ኢንች ቸርኬ ፍሬኑን አያልፍም። ከመግዛታችሁ በፊት ያለ ጎማ ባዶውን ቸርኬ አስገብታችሁ በእጅ አሽከርክሩት። ፍሬኑ ላይ ካልነካና ቢያንስ ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ካለ ይሆናል።

የጎሚስታው በርሜል

ደብረ ብርሃን መውጫ ላይ ካሉት ጎሚስታዎች ዘንድ ትንሽ ቆም ብሎ ማየት ከማንኛውም ንግግር በላይ ያስተምራል። ዝቅተኛ ጎን ያለው ጎማ አየር ይጎድለዋል ተብሎ ይመጣል። ልጁ ይፈታውና ውሃ በተሞላው ግማሽ በርሜል ውስጥ ይነክረዋል። ቀስ እያለ ያዞረዋል። ሰው አረፋውን የሚጠብቀው መንገድ ከሚነካው ከጥርሱ በኩል ነው፤ ምስማር ይሆናል ብሎ። አረፋው የሚወጣው ግን ከቸርኬው የውስጥ ጠርዝ ነው። ወደ መኪናው ሆድ የሚዞረው ጠርዝ፣ ቆሞ ለሚያይ ሰው የማይታየው፣ አንድ ጣት ርዝመት ያህል ተደፍጥጦ ወደ ውስጥ ገብቷል። «ወንድሜ፣ ጎማህ ደህና ነው፤ ቸርኬህ ነው የታጠፈው» ይለዋል።

ከዚያ የሚሆነው ነው የሚያሳስበኝ። መዶሻና እሳት ይመጣል። የብረት ቸርኬ በመዶሻ ይቃናል፤ ባሕርዩ ይፈቅዳል። የአሉሚኒየም ቸርኬ ግን ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በተቆጣጠሩት ሙቀት ነው። በእሳት ሲጋይ ያ ጥንካሬ እዚያው ቦታ ላይ ይጠፋል። በቀዝቃዛው ሲመታ ደግሞ ይሰነጠቃል። ተበይዶ ቀለም ተቀብቶ ሲመለስ አዲስ ይመስላል። በቀጣዩ ጉድጓድ የሚለቀው ግን ከዚያችው ቦታ ነው። በሰዓት 90 እየነዳችሁ ቢለቅ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም።

ስለዚህ ሰልባጅ ቸርኬ ስትገዙ ፊቱን ትታችሁ ጀርባውን እዩ። የውስጥ ጠርዙን በጣት ዙሩበት። እብጠት፣ የብየዳ መስመር፣ ወይም በጀርባው ብቻ አዲስ ቀለም ካገኛችሁ ተዉት። ባላንስ ማሽን ላይ ባዶውን አስዙሩት፤ ጠርዙ ሲወዛወዝ በዓይን ይታያል።

ደጋው የሚበላው ጉልበት

ስለ ቸርኬ ሲወራ ከፍታ አይነሳም፤ እኛ ግን ልናነሳው ይገባል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያገኘው አየር ባነሰ ቁጥር ኃይሉም አብሮ ይወርዳል። 86 ከፋብሪካ ሲወጣ 200 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ጣርማበር ላይ ሲደርስ ወደ 150 ዝቅ ብሏል ማለት ነው።

በቀረው ጉልበት ላይ ከባድ ቸርኬ ጫኑበት። ቸርኬ ሲተልቅ ክብደቱ ይጨምራል። ከሁሉ የከፋው ግን ክብደቱ ወደ ውጭኛው ጠርዝ መራቁ ነው። ከመሃል የራቀ ክብደትን ለማሽከርከር ሞተሩ የበለጠ ይለፋል፤ ለማቆምም ፍሬኑ የበለጠ ይለፋል። ከዚህም ሌላ ቸርኬ ከሞላው በታች ያለ ክብደት ነው። ቀላል ሲሆን አሞርዛተሩ ጎማውን መንገዱ ላይ ይዞ ማቆየት ይችላል። ሲከብድ ጎማው በእያንዳንዱ እብጠት ይዘላል፤ የዘለለ ጎማ ደግሞ አይይዝም። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ዋሻ የሚያወጣውን ጠመዝማዛ የነዳ ሰው በመታጠፊያው መሃል መንገዱ እኩል እንዳልሆነ ያውቃል። እዚያ ላይ ቀላል ቸርኬ ከሰፊ ጎማ ይበልጣል።

ስለዚህ ብር ካላችሁ ኢንች አትግዙበት፣ ቅለት ግዙበት። ተራው ቸርኬ ፈሳሽ አሉሚኒየም ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የሚሠራ ነው። ከዚያ ከፍ ያለው፣ ከፈሰሰ በኋላ ጎማው የሚቀመጥበት ክብ ክፍሉ በሮለር እየተጠቀጠቀ የሚሳሳውና የሚጠነክረው ነው። ከሁሉ የሚበልጠው በከፍተኛ ግፊት ከአንድ ጥፍጥፍ አሉሚኒየም የሚወጣው ፎርጅድ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው ነው። መካከለኛው ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። በጃፓን ደንብ የተፈተነ ቸርኬ ጄደብልዩኤል የሚል ምልክት አለው። በገለልተኛ ተቋም የተመረመረው ደግሞ ቪአይኤ የሚል ይጨመርበታል። ምልክት ሊኮረጅ ስለሚችል በእሱ ብቻ አትመኑ፤ ያለ ምልክት ግን ጭራሽ አትግዙ።

ልክ ገባ ማለት ምን ማለት ነው?

«ባለ አምስት ዳዶ ነው፣ ይገባል» የሚለው አባባል ስንቱን አክስሯል። አምስቱ ዳዶዎች የሚሠሩት ክብ ስፋቱ ይለያያል። 86 5×100 ነው፤ አምስት ዳዶ በ100 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ። ራቭፎር 5×114.3 ነው። ቪትዝ 4×100 ነው። 5×114.3 ቸርኬ 86 ላይ አይገባም። ቀዳዳ አስፍቶ ወይም አዲስ በስቶ ማስገባት ደግሞ በሕይወት መቀለድ ነው።

ክቡ ቢገጥም እንኳ የመሃሉ ቀዳዳ አለ። ቸርኬው መሃሉን የሚጠብቀው ሞዞው ላይ፣ ማለትም ቸርኬው በሚታሰርበት የመኪናው እምብርት ላይ ተቀምጦ ነው። የ86 ሞዞ 56.1 ሚሊ ሜትር ነው። ፕሪየስ ዳዶው 5×100 ስለሆነ ለ86 የሚሆን ይመስላል፤ የመሃል ቀዳዳው ግን 54.1 ስለሆነ አይገባም። ገበያ ላይ የሚሸጡ ቸርኬዎች ብዙዎቹ የመሃል ቀዳዳቸው ሰፊ ነው፣ ለምሳሌ 73.1። ሰፊው ይገባል፤ ግን መሃሉን ይስታል። ከ80 በላይ ስትነዱ መሪው የሚንቀጠቀጠው፣ ባላንስ ደጋግሞ ቢሠራም የማይሻለው፣ ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። መፍትሔው ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ነው፤ ከውጭ 73.1፣ ከውስጥ 56.1። ለቁልቁለት የፍሬን ሙቀት ከፕላስቲኩ ይልቅ የአሉሚኒየሙን እመርጣለሁ።

ዳዶውም የራሱ ጉዳይ አለው። ኮሮላና ቪትዝ የሚጠቀሙት የዳዶ ጥርስ 12×1.5 ነው። 86 ግን ከሱባሩ ጋር የተሠራ መኪና ስለሆነ 12×1.25 ነው። የኮሮላ ዳዶ በግድ ቢጠበቅ የቡሎኑን ጥርስ ይበላዋል። የዳዶው መቀመጫ ቅርጽም መመሳሰል አለበት። ብዙ የቶዮታ ኦሪጅናል ቸርኬዎች ዳዶ ጠፍጣፋ ቀለበት አለው፤ ከገበያ የሚገዛው ቸርኬ ደግሞ በብዛት ሾጣጣ ዳዶ ይፈልጋል። ከተደባለቁ የጠበቀ መስሎ ይላላል።

አሁን ወደ ኢቲ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኢቲ ማለት ቸርኬው ሞዞ ላይ የሚቀመጥበት ፊት ከቸርኬው ወርድ መሃል ስንት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ እንደራቀ ነው። ቁጥሩ ሲተልቅ ቸርኬው ወደ መኪናው ይገባል፤ ሲያንስ ወደ ውጭ ይወጣል። የ86 የፋብሪካ ቸርኬ 17 ኢንች፣ ወርዱ 7 ጄ (7 ኢንች ማለት ነው)፣ ኢቲው 48 ነው።

ሻጩ «8 ጄ፣ ኢቲ 35 አለኝ» አላችሁ እንበል። 7 ኢንች 177.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ግማሹ 88.9። ከዚህ ላይ 48 ሲቀነስ ቸርኬው ከሞዞው 40.9 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። የ8 ኢንች ግማሽ 101.6 ነው፤ 35 ሲቀነስ 66.6። ልዩነቱ ወደ 26 ሚሊ ሜትር ነው። ቸርኬው በውስጥ በኩል የፋብሪካው ያህል ሆኖ ይቀራል፣ በውጭ በኩል ግን ከሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር በላይ ይወጣል። ፎቶ ላይ ያምራል። መኪናው ኋላ ሰው ተጭኖበት እብጠት ሲያልፍ ግን ፓራፋንጎው ጎማውን ሊበላው ይችላል። ኩሽኔታውም ከተሠራለት ውጭ ጫና ይበዛበታል፣ መሪውም ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ከእጅ ይነጥቃል። በክረምት ደግሞ ከፓራፋንጎው የወጣ ጎማ ጭቃና ጠጠሩን በሩ ላይ ይረጫል።

7.5 ጄ፣ ኢቲ 48 ብትወስዱ ግን በውስጥም በውጭም 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ይጨምራል። ይሄ በሰላም የሚገባ ልክ ነው። በዚህ ላይ 225/45አር17 ሲገባ ቁመቱ 634 ሚሊ ሜትር፣ ከፋብሪካው በ1.4 በመቶ ብቻ ይበልጣል። ጎኑ 101 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ከፋብሪካውም ከፍ አለ ማለት ነው። ጎማው ሰፋ፣ ጎኑም ወፈረ፣ ፓራፋንጎም አልተነካ። 16 ኢንች ፍሬኑን ካላለፈላችሁ ወይም ዓይናችሁ ካልወደደው፣ ለ86 ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ቸርኬውን ወደ ውጭ ለማውጣት ተብሎ ከጀርባ የሚገባውን ስፔሰር ግን አልመክርም። ዳዶው የሚይዘው የቡሎን ርዝመት ያጥራል።

ከ225 በላይ መስፋትም አያስፈልግም። ሐምሌና ነሐሴ አስፋልቱ ላይ ውሃ ሲተኛ ሰፊ ጎማ ውሃውን ቆርጦ መሬት ከመንካት ይልቅ ላዩ ላይ መንሳፈፍ ይቀናዋል። ጉም ሲጨመርበት ደግሞ የቆመውን ውሃ የምታዩት ከደረሳችሁበት በኋላ ነው።

ብርዱና ቆላው

የኛ አካባቢ ጎማ ላይ የሚጥለው ፈተና ሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም። ከጥቅምት እስከ ጥር ደብረ ብርሃን ማለዳ ውርጭ ይጥላል። ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙም በማይርቅ ጉዞ ሸዋሮቢት ስትደርሱ 1,500 ሜትር ያህል ወርዳችሁ ሙቀት ውስጥ ናችሁ። የስፖርት የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች ላስቲኩ ይደርቃል፤ መያዙም ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን የሚኖር ሰው በየማለዳው በዚህ ጎማ ቢነዳ ለመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች መኪናው የሚያዳልጥ ይመስለዋል፤ እውነትም ያዳልጣል። ለዓመት ሙሉ የሚሆነው የስፖርት ጎማ በቆላው ትንሽ ይለሰልሳል፤ ለዕለት ተዕለት ኑሮ ግን እሱን እመርጣለሁ።

የጎማ ግፊትም አብሮ ይለዋወጣል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ግፊቱ ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይጨምራል። ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋሮቢት ሲወረድ ደግሞ የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው 2 ፒኤስአይ ያህል ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ሁለቱ በተቃራኒ ስለሚሳሳቡ በከፊል ይቻቻላሉ፤ የፍሬኑና የመንገዱ ሙቀት ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ ቁልቁለቱን ወርዳችሁ ጎማው ትኩስ እያለ አየር አታስቀንሱ። ማታ ደጋ ስትመለሱ ጎድሎ ታገኙታላችሁ፤ ዝቅተኛ ጎን ያለው ጎማ ጎድሎ ጉድጓድ ሲያገኝ ቸርኬው ሄደ ማለት ነው። ማለዳ፣ መኪናው ሳይነሳ፣ በሾፌሩ በር ሥር በተለጠፈው ቁጥር መሠረት ሙሉት።

ጎማ ስትገዙ ዕድሜውን እዩ። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ቀጥሎ በመጨረሻ አራት አኃዝ አለ። 2321 ቢል በ2021 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ይሄ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ሰኔ 2013 መግቢያ አካባቢ። አንዳንዱ ሰው 21 ሲያይ ገና ያልደረስንበት ዓመት ይመስለውና ግራ ይጋባል። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ሁሉ አዲስ አይደለም፤ መደርደሪያ ላይ ዓመታት የቆየ ላስቲክ ይሰነጠቃል። የመሸከም መለያው ከ87፣ የፍጥነት ፊደሉም ከቪ እንዳይወርድ።

ሲገጠም

ዳዶውን መጀመሪያ በእጅ አስጀምሩ። በአየር መሣሪያ የሚጀምር ጎሚስታ ካጋጠማችሁ በትህትና አስቁሙት። ከዚያ በኮከብ ቅርጽ እያፈራረቀ ያጥብቅ። የ86 ዳዶ የማጥበቂያ ልክ 120 ኒውተን ሜትር ነው፤ ይህን የሚለካ ቁልፍ ያለው ጎሚስታ ፈልጉ ወይም የራሳችሁን ግዙ። መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙሩ፤ ጎማው የሚነካው ነገር እንዳለ ስሙ። ከኋላ ሰው ጭናችሁ እብጠት ላይ በቀስታ አሳልፉት። አላይመንት አስሠሩ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ቸርኬው ቀዝቅዞ ሳለ ዳዶዎቹን እንደገና ፈትሹ።

ስኮርታውን አትርሱ። ጊዜያዊ ቀጭን ስኮርታ ከአዲሶቹ ጎማዎች ጋር ቁመቱ ላይመሳሰል ይችላል። በኋላ እግር ላይ ከገባ ግራና ቀኙ እኩል አይዞርም፤ የሁለቱን ጎማ ዙር የሚያመዛዝነው ዲፈረንሻልም ሳያቋርጥ ሲሠራ ይግላል። የኋላ ጎማ መንገድ ላይ ቢፈነዳ ከፊት አንዱን ደህና ጎማ ወደ ኋላ አዙሩና ስኮርታውን ፊት አስገቡት። ክሪክ ሁለቴ ማንሳት ያደክማል፣ በተለይ ጉም ውስጥ። ለዚያ ጊዜ የሚሆን ሾጣጣና ጠፍጣፋ ዳዶ ሁለቱንም በመኪናው ውስጥ ያዙ፤ ለአዲሱ ቸርኬ የተገዛው ዳዶ የፋብሪካውን ስኮርታ ላይይዝ ይችላል።